አህያ የከለከለ፣ ነዳጅ የፈቀደ ማዕቀብ፦ የጋራ ደኅንነት በኢትዮጵያ ጉዳይ ለምን ከሸፈ?

በመርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። "ዓ.ም." ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረው ዓለም አቀፍ የሰላም ጥበቃ ሙከራ ለምን ከሸፈ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነው። መርካቶ ላይ እንዲነሣ የፈለግሁት ስፍራው ራሱ የጥያቄው አካል ስለሆነ ነው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ የሚቆመው አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን ከያዘች በኋላ አራዳን ለአውሮፓውያን መኖሪያና መገበያያ መደበች፤ የአገሬውን ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ ገፋችው። ጉይዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ያወጡት ፕላን ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለይቶ የሚያኖር ነበር። ዛሬ የምንመላለስባቸው ቀጥ ያሉ የአዲስ ከተማ መንገዶች የዚያ አሳብ ቅሪት ናቸው። ወራሪው ስፍራውን "መርካቶ ኢንዲጄኖ" ብሎ ጠራው፤ የአገሬው ተወላጅ ገበያ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ ሁለተኛው ቃል ወደቀ፣ የመጀመሪያው ቀረ። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ነጋዴው ግድ አልሰጠውም፤ ገበያውን የራሱ አድርጎታልና። የከተማ ታሪክ አጥኚ ግን አራዳ የነበረ ገበያ እዚህ እንዴት እንደ ደረሰ ሲጠይቅ መልሱን ተከትሎ ጄኔቭ መድረሱ አይቀርም።

በፈተና ወረቀት ላይ በየዓመቱ የማነበው መልስ አለ። "የዓለም መንግሥታት ማኅበር የከሸፈው የራሱ ጦር ስላልነበረውና አሜሪካ አባል ስላልሆነች ነው" ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ማኅበሩ ሥራ ከጀመረበት ከ1920 አንሥቶ እውነት ነበሩ። በ1925 ግሪክ ጦሯን ወደ ቡልጋሪያ ግዛት ባስገባች ጊዜ ማኅበሩ ያለ ጦርና ያለ አሜሪካ በጥቂት ቀናት ውስጥ አስቆማት፤ ካሣም አስከፈላት። ሁልጊዜ የነበረ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ብቻ የታየውን ውጤት ለብቻው አያስረዳም። ስለዚህ ጥያቄውን ጠበብ አድርገን እንጠይቅ፤ በ1925 ግሪክን ያስቆመው ማኅበር በ1935 ኢጣሊያን ለምን አላስቆመም?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ማኅበሩ ሕግ አላጣም፤ ማስረጃም ፍርድም አላጣም። የጎደለው ዋስ ነው። ዋስ ማለት ለእናንተ ለነጋዴዎች ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ባለዕዳው ቃሉን ሲያጥፍ ከገዛ ኪሱ የሚከፍል ሰው ነው። በአገራችን የቆየ የፍርድ ሥርዓት ውስጥም ተከራካሪ ያለ ዋስ አይቆምም ነበር። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 ይህንኑ አሳብ ወደ መንግሥታት አመጣው፤ ቃል ኪዳኑን ጥሶ ጦርነት የጀመረ አባል በሌሎቹ አባላት ሁሉ ላይ ጦርነት እንደ ከፈተ ይቆጠራል አለ። በወረቀት ላይ ሁሉም የሁሉም ዋስ ሆነ። ገና በ1921 ግን ጠቅላላ ጉባኤው ባሳለፈው ውሳኔ ቃል ኪዳኑ መጣስ አለመጣሱን እያንዳንዱ አባል ለራሱ እንዲወስን ተፈቀደ። ዕዳው መኖር አለመኖሩን ራሱ የሚወስን ዋስ እዚህ መርካቶ ውስጥ ማን እንደሚቀበለው አላውቅም።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችው ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923፣ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የባሪያ ንግድንና የመሣሪያ ዝውውርን በሚመለከት ግዴታ እንድትገባ ተደርጎ ነው የተቀበሏት። ብሪታንያ አመነታች፤ ፈረንሳይ ደገፈች፤ ኢጣሊያም በመጨረሻ ደገፈች። በዚያው ወር የሆነ ሌላ ነገር ግን በመማሪያ መጻሕፍታችን አይጠቀስም። የኢጣሊያ ጦር ኮርፉ የተባለችውን የግሪክ ደሴት ደብድቦ ይዞ ነበር፤ ጉዳዩ ከማኅበሩ እጅ ወጥቶ ለትልልቆቹ መንግሥታት አምባሳደሮች ጉባኤ ተሰጠ፤ የተደበደበችው ግሪክ 50 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። የኢጣሊያ ጦር ከኮርፉ የወጣው ሴፕቴምበር 27 ነው። እኛ በማግሥቱ ገባን።

ይህን ስል አባልነቱ የዋሆች ያደረጉት ነገር ነው ማለቴ አይደለም። በዲሴምበር 1925 ብሪታንያና ኢጣሊያ ስለ ጣና ውኃና ኢጣሊያ ልትዘረጋው ስላሰበችው የባቡር መስመር ከኢትዮጵያ ጀርባ ደብዳቤ ተለዋወጡ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ በ1926 ጉዳዩን ለማኅበሩ አቤት አሉ፤ ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን የሚያስገድድ ነገር አላደረግንም ብለው አፈገፈጉ። ይህ እውነተኛ ድል ነው፤ ጥይት ሳይተኮስ የተገኘ ነው። ነገር ግን ከግሪክና ቡልጋሪያ ጉዳይ ጋር አንድ የሚያደርገው ነገር አለ። በሁለቱም ላይ ዋሶቹ ምንም አልከፈሉም። ማኅበሩ በደንብ የሠራው መሥራቱ ለኃያላኑ በነጻ በሆነ ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ ከ1926 የተማረችው ትምህርት ትክክል ነበር፤ ዋጋ የሚያስከፍል ጉዳይ ሲመጣ ግን የማይሠራ ትምህርት ሆነ።

ዋጋ የሚያስከፍለው ጉዳይ በዲሴምበር 5 ቀን 1934 ወልወል ላይ መጣ። ወልወል በኦጋዴን የሚገኝ የውኃ ጉድጓዶች ስፍራ ነው፤ በኢጣሊያ በራሷ ካርታዎች ላይ እንኳ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ይታይ ነበር። በግጭቱ ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ኢጣሊያ ይቅርታና 200,000 ጠገራ ብር ካሣ ጠየቀች፤ የኢትዮጵያ ሹም ለኢጣሊያ ባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጥም ጠየቀች። ኢትዮጵያ ደግሞ ሁለቱ አገሮች በ1928 የፈረሙት የወዳጅነትና የግልግል ውል ይፈጸምልኝ፣ በዳኝነት እንተያይ አለች። ወሩ ሳያልቅ፣ ዲሴምበር 30፣ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በጦር ለመያዝ የሚያዝ ምስጢራዊ መመሪያ አወጣ። እንግዲህ ከዚህ ቀን በኋላ በጄኔቭ የተደረገውን ሁሉ ስናነብብ አንደኛው ወገን ለእርቅ፣ ሌላው ለጊዜ መግዣ መቀመጡን ማስታወስ አለብን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ውድቀቱ የሚታየው ከማዕቀቡ ይልቅ በእነዚህ ዘጠኝ ወራት ነው ብዬ ስለማምን ነው። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 1935 በአንቀጽ 11 አቤት አለች፤ ምክር ቤቱ ሁለቱ ወገኖች በቀጥታ ይነጋገሩ ብሎ አሳደረው። በዚያው ወር የፈረንሳዩ ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተስማምቶ ነበር። በማርች 17 ኢትዮጵያ ጠንከር ባለው በአንቀጽ 15 ዳግመኛ አቤት አለች። ቀኑን ልብ በሉ፤ ጀርመን የግዴታ ውትድርና መመለሱን ያወጀችው በዋዜማው ነው። የለንደንና የፓሪስ ዓይን ሁሉ ወደ በርሊን ዞረ። በኤፕሪል ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስትሬዛ ላይ ተሰብስበው ሰላምን በጋራ እንደሚጠብቁ ሲያስታውቁ፣ የሚጠብቁት "የአውሮፓን" ሰላም እንደሆነ በመግለጫው ተጻፈ። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ሙሶሊኒ ፈልጎ ያስገባት ቃል ናት፤ ሁለቱ ሌሎች ደግሞ አይተው ዝም ያሉአት።

በዚህ ሁሉ መካከል የኢጣሊያ መርከቦች ወታደርና መሣሪያ ጭነው በስዊዝ ቦይ ወደ ምጽዋ ይጓዙ ነበር። በበጋው ደግሞ ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። እኩልነት ይመስላል። ኢጣሊያ መድፍና አውሮፕላን የምትሠራ አገር ነበረች፤ ኢትዮጵያ ጥይቷን እንኳ ከውጭ የምትገዛ። የመሣሪያ ሻጩንና የመሣሪያ ለማኙን ገበያ በእኩል መዝጋት ለአንደኛው ብቻ መፍረድ ነው። የወልወል የግልግል ዳኞች በሴፕቴምበር 3 ቀን 1935 በሰጡት ውሳኔ ሁለቱንም ወገኖች ከጥፋት ነጻ አደረጉ። ወልወል የማን መሬት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ኢጣሊያ ስላልፈቀደች ከዳኝነቱ ውጪ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። የመሬት ክርክር ሰምቶ መሬቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሽማግሌ በየትኛውም የአገራችን አውራጃ ተሰምቶ አይታወቅም።

ጦርነቱ በኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ያለ አዋጅ ተጀመረ። ከዚህ በኋላ ግን ማኅበሩ ከዚያ በፊት ባልታየ ፍጥነት ሠራ። በአራተኛው ቀን ምክር ቤቱ ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳለች ብሎ ወሰነ። በጠቅላላ ጉባኤው ከ54 አገሮች 50ዎቹ በፍርዱ ተስማሙ፤ ያልተስማሙት ኢጣሊያ ራሷ፣ ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባኒያ ብቻ ነበሩ። ማዕቀቡም ኖቬምበር 18 ሥራ ላይ ዋለ። ጃፓን ማንቹሪያን በያዘችበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም ነበር። "ማኅበሩ ጥርስ አልነበረውም" ለሚለው ተማሪ የምመልስለት ይህንን ነው። ጥርስ ነበረው፤ የት እንደሚነክስ ግን ተመርጦለት ነበር።

ዝርዝሩን እንየው። ወደ ኢጣሊያ እንዳይላኩ የተከለከሉት የጦር መሣሪያ፣ ጎማ፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮ የሚሠራበት ማዕድን፣ አልሙኒየም፣ የብረት ማዕድን ነበሩ፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም ተከልክለዋል። ለኢጣሊያ ብድር መስጠትና ከኢጣሊያ ዕቃ መግዛትም ተከልክሏል። ያልተከለከሉት ነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰልና የተሠራ ብረት ናቸው። ማዕድኑን ከልክሎ ብረቱን መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ለመርካቶ ሰው አላስረዳም። አልሙኒየምም ኢጣሊያ ከራሷ አልፋ የሚተርፋት ነገር ነበር። በከባድ መኪና፣ በታንክና በአውሮፕላን የሚዋጋን ጦር አህያ ከልክሎ ቤንዚን መፍቀድ እንደ ቀልድ ሊታይ ይችላል። ቀልድ ግን አልነበረም። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ያወጡትም አስበውበት ነው።

የሰጡት ምክንያት ይህ ነበር፤ ነዳጅን ብንከለክል አባል ያልሆነችው አሜሪካ ትሸጥላቸዋለች፣ እኛ ገበያችንን እናጣለን፣ ጦርነቱም አይቆምም። በቁም ነገር መመርመር ያለበት መከራከሪያ ነው፤ ማኅበሩም መርምሮታል። የነዳጅ ባለሙያዎች ኮሚቴ በፌብሩዋሪ 1936 ባቀረበው ጥናት፣ አሜሪካ ለኢጣሊያ የምትሸጠውን ከቀድሞው መጠን ካላሳለፈች የነዳጅ ማዕቀቡ በሦስት ወይም በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ውጤት ያመጣል አለ። ከዋናዎቹ ሻጮች መካከል ሩማኒያና ሶቪየት ኅብረት ሌሎች ከተስማሙ እኛም እንስማማለን ብለው ነበር። ጥናቱ ተነበበ፤ ማዕቀቡ አልመጣም። ሙሶሊኒ በ1938 ሙኒክ ላይ ለሂትለር፣ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ እንደ ነገረው የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል። "በሳምንት" የሚለው የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን የውሸት አይመስለኝም።

ታዲያ ለምን? እንደ እኔ ፍርድ፣ ለንደንና ፓሪስ የፈሩት ማዕቀቡ ሳይሠራ እንዳይቀር አልነበረም፤ እንዳይሠራ ሳይሆን እንዳይሠራባቸው፣ ማለትም ሠርቶ ሙሶሊኒን እንዳይጥልባቸው ወይም ወደ ሂትለር እንዳይገፋባቸው ነበር። ፈረንሳይ ኢጣሊያን በጀርመን ላይ እንደ አጋር ትቆጥራት ነበር። የብሪታንያ ባሕር ኃይል አለቆች ደግሞ በሜዲትራኒያን መርከብ ብናጣ በሩቅ ምሥራቅ ጃፓንን በምን እንመክታለን ይሉ ነበር። የስዊዝ ቦይ አልተዘጋም፤ በ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ውል መሠረት ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ክፍት ይሆናል ተባለ። የማኅበሩ ቃል ኪዳን ግን በአንቀጽ 20 ከእርሱ ጋር የሚጋጩ ውሎች በአባላቱ መካከል እንደ ተሻሩ ይቆጠራል ይላል፤ ስለዚህ የሕግ በር አልጠፋም። የኢጣሊያ መርከቦች የመተላለፊያ ቀረጡን የከፈሉት የብሪታንያ መንግሥት ትልቅ ድርሻ ላለው ኩባንያ ነበር። ዋሱ ከኪሱ መክፈሉ ቀርቶ ወደ ኪሱ ገባለት።

በዲሴምበር 1935 የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለኢጣሊያ የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር ሲነድፉ ወደ ጋዜጣ አፈትልኮ ወጣ። የብሪታንያ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰውየው ሄደ፣ አሳቡ ቀረ። በዚያው ወር የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሰሜኑ ግንባር የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመሩ፤ ኢጣሊያ ራሷ በ1925 የጄኔቭ ፕሮቶኮል እንዳይሠራበት የተስማማችበት መሣሪያ ነው። በማርች 7 ቀን 1936 ሂትለር ራይንላንድን ሲይዝ ፓሪስ የነዳጅ ማዕቀብ የሚለውን ቃል ለመስማት እንኳ ጆሮ አልነበራትም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በአማርኛ ያደረጉትን ንግግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ማፏጨታቸውንም። ከንግግሩ ይልቅ እኔን የሚያቆመኝ ከእርሱ በኋላ የተቆጠረው ድምፅ ነው። ኢትዮጵያ ትግሏን ለመቀጠል የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ጠየቀች። 23 አገሮች ተቃወሙ፤ 25 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ የደገፈው አንድ ነው፣ እርሱም የኢትዮጵያ ድምፅ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት 50 አገሮች ኢጣሊያ አጥፍታለች ብለው ነበር። በእነዚያ ወራት ስለ ጥፋቱ አዲስ ማስረጃ ቢጨመር እንጂ አልተቀነሰም። ፍርድ መስጠት ምንም አያስወጣም፤ ብድር ግን ገንዘብ ነው። በጁላይ 15 ማዕቀቡ ተነሣ።

ከተማሪዎቼ መካከል "ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱ በማኅበሩ መታመናቸው ስሕተት አልነበረም ወይ?" የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መታመኑ ዋጋ አስከፍሏልና። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ግጭት ፈለገች እንዳትባል ኢትዮጵያ ጦሯን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንድትስብ ተደርጓል፤ ይህም ለወራሪው በሩን ከፍቶ መስጠት ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥይት ከውጭ የምትገዛ አገር፣ በሁሉም በኩል በቅኝ ገዢዎች የተከበበች፣ የባቡር መስመሯ ፈረንሳይ በያዘችው ወደብ የሚያልቅ አገር፣ በሕግ ከመታመን ሌላ ምን አማራጭ ነበራት? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በጄኔቭ ያቀረቡት ክርክር ጦርነቱን ባያስቆምም በመዝገብ ላይ ተቀምጧል። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮ ወረራውን እንደ ሕጋዊ ይዞታ አልተቀበሉም። በአገር ውስጥ ደግሞ አርበኞች የራሳቸውን ክርክር ይዘው ነበር፤ እርሱን በሌላ ገለጻ እመለስበታለሁ፤ በአንድ ምሽት አይበቃም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ1945 ሳንፍራንሲስኮ ላይ አዲሱ ድርጅት ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በ1951 ደግሞ የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ላከች። ያንን ውሳኔ ከአሜሪካ ጋር ለመወዳጀት የተደረገ ነው የሚሉ አሉ፤ ያም አለበት። ነገር ግን መንግሥቱ ራሱ የሰጠው ምክንያት የጋራ ደኅንነት ነው። በ1935 ዋስ ያጣች አገር ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ለማታውቀው አገር ልጆቿን ልካ ዋስ ሆነች፤ ከኪሷም ከፈለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ምዕራፍ ሰባት ከድሮው አንቀጽ 16 የጠነከረ ነው ይባላል፤ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ አባላትን ሁሉ ያስገድዳልና። በዚያው ምክር ቤት ውስጥ ግን አምስቱ ቋሚ አባላት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት አላቸው፤ እያንዳንዱ ዕዳው መኖሩን ለራሱ እንዲወስን የተፈቀደበት የ1921ዱ ውሳኔ ለአምስት ብቻ ተወስኖ ተመልሶ መጥቷል ብል የሚቃወሙኝ የሕግ ምሁራን በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ባልደረባዬ እጃቸውን አንሥተዋል፤ መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ።